የዋሻው ጠባቂ ድምፅ

ይህን ንጋቷ ለማንም ነግራ አታውቅም። ለእናቷ አልነገረችም፤ ለወንድሟ ለሞላልኝ አልነገረችም፤ ከአገር በወጣችበት ሳምንት እንኳ ንስሐ አባቷ ፊት ተንበርክካ ጥቃቅኑን ሁሉ ዘርዝራ ስታበቃ ይህችን አንዷን ዋጥ አድርጋ ተነሥታለች። ሰባት ዓመት ሆናት። ሲቆይ ይቀለኛል ብላ ነበር፤ አልቀለላትም፤ እንዲያውም ጫማ ውስጥ እንደገባች ጠጠር በሄደች ቁጥር ቦታ እየቀየረ ይቆረቁራታል። አሁን በስዊድን ሰሜን፣ ኡሜዮ በምትባል ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ተኝታለች፤ መተኛት ከተባለ። ወሩ ሰኔ ነው፤ እዚህ አገር በሰኔ አይመሽም። ፀሐይዋ ልትገባ ብላ ታመነታና ሐሳቧን ትለውጣለች። መጋረጃው ላይ ብርድ ልብስ ደርባ ሰቅላለች፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ነው፤ እሷ «ምን ያደርግልኛል» እያለች እናቷ ሻንጣዋ ውስጥ በጉልበት የጠቀጠቀችላት፤ ብርሃኑ ግን በጠርዝ በጠርዙ ሾልኮ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ክፍት የተተወው ኮምፒውተር ላይ፣ ጆሮ ማዳመጫው ላይ ያርፋል። እሷ ወደ ግድግዳው ዞራለች። ግድግዳ ማየት ድሮም ትችልበታለች።

ሥራዋ የጨዋታ ድምፅ ነው። ሰዎች በኮምፒውተር የሚጫወቱት ጨዋታ ውስጥ በረዶ ሲረገጥ፣ በር ሲጢጥ ሲል፣ ገደል ሲናድ የሚሰማውን ድምፅ ቀድታ፣ ቆርጣና ቀጥላ በየቦታው ታስቀምጣለች። ይህን ለአገር ቤት ማስረዳት ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያው ዓመት ሞላልኝ ደውሎ «ዛሬ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» አላት፤ ሞላልኝ ከደብረ ብርሃን ጫጫ ሚኒባስ የሚነዳ ታላቅ ወንድሟ ነው። «ባስ ሳስተካክል» አለችው ሳታስበው። «እንዴት! አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ ስዊድን ድረስ ሄደሽ ባስ? እዚሁ እኔ ጋ ረዳት ሆነሽ ብትቀሪ ምን ነበረበት?» ሳቀች፤ ከሳቀችም በኋላ አፍራ አፏን ሸፈነች፤ በስልክ ማን ሊያያት። ነገሩ ግን ከእሱ ሚኒባስ ብዙ አይርቅም ብላ አስረዳችው። ድምፆች ብዙ ናቸው፤ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱትን አንድ ላይ ትጭናቸዋለህ፤ የነፋሱን ሁሉ በአንዱ ባስ፣ የሙዚቃውን በሌላው፤ ከዚያ አንዱን ባስ ዝቅ ስታደርግ የተሳፈረው በሙሉ ዝቅ ይላል፤ ባሱ ላይ የዋሻ ማስተጋባት ብታደርግበት ውስጡ ያለው ሁሉ ዋሻ ውስጥ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ሁሉም ባሶች አንድ ዋና ባስ ውስጥ ይገባሉ፤ ከዚያ የሰው ጆሮ ነው። «ገባኝ» አለ ሞላልኝ። «ብቻ ትርፍ እንዳትጭኚ፤ ትራፊክ አለ።»

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከአለቃዋ ከዮሃና የመጣው መልእክት እንዲህ ይላል፦ «ንጋቷ፣ አንድ ትንሽ ነገር። ከሞካሪዎቹ አንዱ ዋሻው ውስጥ ከጠባቂው ጩኸት ኋላ ሰው ሲዘምር ይሰማኛል ብሏል። አንድ ድምፅ ባሱን ስቶ በቀጥታ ወደ ዋናው እየገባ ይመስለኛል። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጨዋታውን እንዘጋዋለን፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይነካውም። ከዚያ በፊት አስተካክዪልኝ። በነገራችን ላይ ልጁ ‹ስህተት ከሆነም ያምራል› ብሏል።» ንጋቷ መልእክቱን ስታነብ ፊቷ ጋለ፤ ቢሮው ውስጥ ያለው ሁሉ የሚያያት መሰላት። የት እንደተሳሳተች ወዲያው አውቃለች። ትናንት የጠባቂውን ባስ ስታስተካክል አንዷን መስመር ወደ ዋናው ባስ እንደተዘረጋች ረስታታለች። አንዲት ምልክት ማጥፋት ነው፤ የዓይን ጥቅሻ ያህል አይፈጅም። መስመሯን ትዘጋለች፣ የሚዘምረው ሰው ይጠፋል፣ ጠባቂው ብቻውን ይቀራል፣ ጨዋታው ይዘጋል፤ ዓለም ይገዛዋል። ማንም አያውቅም። ለምን እንግዲህ እዚያው አልዘጋችውም? ኮምፒውተሩን አንጠልጥላ ቤቷ ይዛው መጣች፤ ጠረጴዛው ላይ ከፈተችው፤ ከዚያ ሄዳ ተኛች።

የሚዘምረው ሰው አባቷ ናቸውና።

መሪጌታ ዘርአ ዳዊት። አንኮበር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ቤታቸው ሠላሳ ሁለት ዓመት ዜማ ያስተማሩ፤ ከየአገሩ የመጣ ተማሪ «የኔታ» እያለ እግራቸው ሥር የተቀመጠ። ባለፈው ኅዳር ጉሮሯቸው ላይ ያበጠውን ለማውጣት ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው፤ እብጠቱም ወጣ፣ ድምፃቸውም አብሮ ወጣ። ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሯቸው ነበር። ነፍሳቸው ተረፈች። አሁን ለክትትል እንዲመች ደብረ ብርሃን ሞላልኝ ቤት ናቸው፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቀመጣሉ።

ዛሬ ማታ ስትደውል ስልኩን ያነሣችው እናቷ ደመቀች ናት። «ንጋቴ፣ በልተሻል?» ይህ ሰላምታዋ ነው። «በልቻለሁ እማዬ፤ አባባስ?» «አሉ። አፋቸው አሁን መቋሚያቸው ሆኗል፤ ውኃ ሲጠማቸው ወለሉን ይመቱታል፣ እኔ ወሬ ሳበዛ ይመቱታል። ያቺ አከራይ ምን እየቀጠቀጣችሁ ነው ብላ በር ድረስ መጣችብኝ እኮ። መሪጌታ ናቸው አልኳት። እና ቢሆኑስ ሲሚንቶዬን? አለችኝ።» እናቷ ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ተቆረጠ። «ዛሬም ምሳቸውን መለሱት። ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ ውኃ ብቻ። ጾም ነው ብለው እንዳይሆን ብዬ የሰኔን ጾም አንተ እንዴት ትጾማለህ፣ በሽተኛ አይደለህም ወይ አልኳቸው፤ አየሽ፣ ተናድጄ አንተ አልኳቸው፤ ከሠላሳ ስንት ዓመት በኋላ!» ከዚያ ሞላልኝ ስልኩን ተቀበላት፤ ወደ ደጅ ሲወጣ በሩ ሲዘጋ ሰማች፤ የቆርቆሮ በር ነው፣ ታችኛው ማጠፊያው ላልቷል። ይህን መስማት አትተውም። «ስሚ፣ ደብተር ገዛሁላቸው፤ የሚፈልጉትን ይጻፉ ብዬ። ምን ጻፉ መሰለሽ? ‹ያልሰጠሁት ቀረ› ብለው ጻፉ። ሌላ ምንም። ተማሪዎቹም ተበትነዋል፤ ሁለቱ እነዋሪ ሌላ መምህር ጋ ገቡ፤ ያ ጎበዙ፣ ገብረ ሕይወት፣ ጣርማ በር አጎቱ ጋ በግ ይጠብቃል አሉ። የየኔታ ዜማ በየኔታ ቀረ እያለ ነው የሄደው።» ቀጥሎ የሚለውን አወቀች። «አንቺ ድምፅ ላይ ነው የምትሠሪው። ሕፃን ሆነሽም ጆሮሽ አንድ ነገር አያመልጠውም ነበር። የሆነች ነገር… ትንሽም ብትሆን… ድምፃቸው የለሽም?» እሷም፣ ትንፋሽ ሳትወስድ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኮምፒውተር እያየች፣ «የለኝም» አለች። «አባባ መቀዳት እንደማይወዱ አንተው ታውቃለህ።» «አውቃለሁ» አለ ሞላልኝ፤ «እንዲያው ለመጠየቅ ነው።»

የለኝም። ቃሏን አልጋው ላይ እያገላበጠች ትሰማታለች። የለኝም ያለችበት ቅላጼ እንኳ ትክክል ነበር፤ ወንድሟ ላይ ጎበዝ ሆነች።

ግድግዳ። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ቤቱ በአንድ የጭቃ ግድግዳ ለሁለት ተከፍሏል፤ ከወዲያ ተማሪዎቹ ናቸው፣ ከወዲህ እሷ ባቄላ ትፈለፍላለች። ሴት ልጅ ዜማ አትማርም፤ ማንም ይህን ከልክሏት አያውቅም፤ ማንም መከልከል አላስፈለገውም። የኔታ አንድ መስመር ይሰጣሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ተማሪው መስመሩን ይመልሳል፤ ካልመለሰ ይደግሙለታል። ከተሳሳተ በመቋሚያቸው ወለሉን አንድ ጊዜ ይመቱታል፤ ተመለስ ማለት ነው። ትክክል ከሆነ አይመቱም፣ ጎሽም አይሉም፤ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ያን ቀን አንድ ተማሪ አንዱ መስመር ላይ አራት ጊዜ ወደቀ፤ አራት ጊዜ ተመታ፤ አምስተኛውን ሊወድቅ ሲል ንጋቷ ባቄላውን እንደያዘች፣ ሳታውቀው፣ ከግድግዳው ጀርባ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ዘለቀችው። አሁን ይገርፉኛል ብላ ባቄላው ላይ ተደፋች። መቋሚያው ግን አልተመታም። አባቷ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ሰማችሁ? ግድግዳው ቀደማችሁ» አሉ፤ ተማሪዎቹ ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማሪዎቹ መንገድ ላይ ሲያገኟት «ግድግዳው እንደምን ዋለ» ይሏታል፤ እሷ ከሀፍረት ብዛት በሌላ መንገድ መሄድ ጀመረች። አባቷ ነገሩን ዳግመኛ አንሥተውት አያውቁም። እሷም ከዚያ ወዲህ ድምፅ አውጥታ ዘምራ አታውቅም፤ ብቻዋን ስትሆን እንኳ።

መቀዳት የጠሉበትም ምክንያት አለው። አንድ ጥምቀት ላይ ሰው ሳይነግራቸው ድምፃቸውን በካሴት ቀዳው። በዓመቱ እሳቸው ደብረ ብርሃን ለጉዳይ ሄደው በአንድ መጠጥ ቤት ደጅ ሲያልፉ ከውስጥ የራሳቸውን ድምፅ ሰሙት፤ ብርጭቆ ይንቃጨላል፣ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ይሳደባል፣ መሀል ላይ እሳቸው ይዘምራሉ። ገብተው አልተቆጡም። አንኮበር ተመልሰው ሦስት ቀን ሳይናገሩ ሰነበቱና «ድምፄ እኔ ያልገባሁበት ቤት አይግባ» አሉ። ይኸው ነው ሕጉ። ማንም አልደፈረውም። ከእሷ በቀር።

መጋቢት ነበር፤ ዐቢይ ጾም። ከአዲስ አበባ አንኮበር ለስንብት ነው የመጣችው፤ በሳምንቱ ትበራለች። ከቆላው የሚወጣው ጉም ገና አልተገፈፈም። አባቷ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳቸው በፊት ማለዳ ማለዳ ዳዊታቸውን በቃላቸው እያነበነቡ ያደርሳሉ፤ እሷ የፈለገችው ያቺን ማነብነብ ነው፤ ባዕድ አገር ስሆን ትራስ ሥር አደርጋታለሁ ብላ። ዳዊቱ በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ ሆኖ ከአልጋው በላይ ካስማ ላይ ተሰቅሏል። እሳቸው ፊታቸውን ሊታጠቡ ሲወጡ ስልኳን ቅጂ ላይ አድርጋ በመጽሐፉና በቆዳው መካከል አንሸራተተችው፤ ጠፍሩን እንደነበረ አሰረችው፤ ወደ ማጀት ገባች። ከማጀት ሆና የሰማችው ማነብነብ አልነበረም፤ ዜማ ነበር፣ የጾመ ድጓ፣ ቀስ ያለ። ዕድለኛ ነኝ አለች። በኋላ አባቷ ዳዊታቸውን በጋቢያቸው ሥር ይዘው ጉሙ ውስጥ ሲገቡ ከበር ላይ አየቻቸው። ሮጣ ስልኩን ልታወጣ ስትል ማኅደሩ ከአልጋው በላይ አልነበረም፤ መሀል ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። እናቴ ስትጠርግ አንሥታው ይሆናል አለች። በዚያው ቀን ሚኒባስ ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ከፈተችው፤ መጀመሪያው ኮሽታ ብቻ ነው፤ ሞተሩ ይጮሃል፤ አለፈችው፤ ሁለት መስመር ሰማችና እንባዋ መጣ፤ አጠፋችው። ከዚያ ወዲህ ሙሉውን ሰምታው አታውቅም። ያፈረችበትን ነገር ሰው እንዴት ደጋግሞ ይሰማል?

ከዚያ ደግሞ የባሰውን አደረገች። ከሦስት ዓመት በፊት ነው፤ እዚህ መሥሪያ ቤት የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል፤ ካልያዟት የመኖሪያ ፈቃዷም ያበቃል። የሰጧት ሥራ የዋሻው ጠባቂ ነው፤ ከበረዶ ተራራ ሥር ያለ፣ ዓይን የሌለው፣ ተጫዋቹ መጨረሻ ላይ የሚገድለው ፍጥረት። ድምፅ አውጪለት አሏት። አንበሳ ሞከረች፣ ብረት መጎተት ሞከረች፣ ነፋስ ሞከረች። ዮሃና በትሕትና «አዎ፣ ግን ነፍስ የለውም» ትላታለች። በአሥረኛው ቀን የአባቷን ፋይል አስገባች። አልሰማችውም፤ በዓይኗ ነው የቆረጠችው፤ ስክሪኑ ላይ የድምፁ ሞገድ ጠፍጣፋ የሆነበትን ሁሉ ባዶ ነው ብላ አወጣችው፣ የመጀመሪያውን ኮሽታ ቆረጠችው፣ የቀረውን አጠጋግታ ሰፋችው። ከዚያ ባሱ ላይ አራት ነገር ጫነች፤ አንዱ ድምፁን እንደ ድንጋይ የሚያወፍር፣ አንዱ የጠራውን ጫፍ የሚከረክም፣ አንዱ ዋሻ የሚያስተጋባ፣ አራተኛው ደግሞ ጌት የሚሉት፣ ከልኩ በታች የሆነን ትንፋሽና ሹክሹክታ ሁሉ ዝም የሚያሰኝ። ጠባቂው አፉን ሲከፍት ሙዚቃውም ነፋሱም ራሱን ዝቅ እንዲያደርግ አዘዘች፤ ያቺን ከቤተ ክርስቲያን ነው የተማረቻት። ስታሰማቸው «ይሄ ምንድን ነው?» አለች ዮሃና፤ ክንዷ ላይ ያለው ፀጉር ቆሟል። «የራሴ ቅጂ ነው» አለች ንጋቷ። ቀጠሯት።

አንድ መጠጥ ቤት ነበር ያሳዘናቸው። እሷ ስንት ሺህ ቤት ልታስገባቸው ነው? ስንት ሰው ነው ሰይፍ ይዞ የሚጠብቃቸው?

ተነሣች። ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ አወረደችው፤ ከእንግዲህ ለምኑ ነው፤ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ጣቷ ያቺን የተረሳች መስመር ነካች። ልዝጋት? አንዴ ልስማው፤ ስህተቱን ለማረጋገጥ ነው፤ ሥራ ነው። የሌላውን ሁሉ ድምፅ አጥፍታ የጠባቂውን ባስ ብቻውን ተወችው። ጮኸ። ያው ጠባቂ ነው። ማወፈሪያውን አነሣችለት፤ ድንጋዩ ቀስ ብሎ ሰው ሆነ። መከርከሚያውን አነሣች፤ ፊደላቱ ጥርስና ከንፈር አወጡ። ማስተጋባቱን አነሣች፤ ዋሻው ጠፋ፤ የጭቃው ግድግዳ ተመለሰ፣ የቤቱ ዝቅተኛ ጣሪያ፣ የጉሙ እርጥበት። አባባ። እዚህ ጎኗ ቆመዋል። ጌቱ ብቻ ቀርቷል፤ እሱንም አነሣችው። ከመጀመሪያው መስመር በፊት የሆነ ነገር ሰማች፤ ትንፋሽ ይመስላል፤ ግን የተቆረጠ። ቆራጯ እሷ ናት። በዚህ ሶፍትዌር ደግሞ የቆረጡት አይጠፋም፤ ተጣጥፎ ከጫፉ ሥር ይቀመጣል፤ ጫፉን ይዞ መጎተት ነው። ጎተተችው። አርባ ሰከንድ ያህል ወደ ኋላ ተዘረጋ።

ዓይኗን ጨፍና ሰማች። የራሷ እርምጃ ሲርቅ። ዶሮ። በር። የአባቷ እግር፣ ቀኙን ትንሽ የሚጎትቱት። ከዚያ ጠፍር ሲፈታ፤ ቆዳ ከቆዳ ሲላቀቅ። መጽሐፍ ሲወጣ። ከዚያ ድፍን ያለ፣ ቅርብ የሆነ ኮሽታ፤ ጣት ማይክ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው። ይህን ለይታ በማወቋ ነው ደመወዝ የሚከፈላት። ጣቱ አልተነሣም፤ ቆየ። አንድ ረጅም ትንፋሽ። ዓይኗን ገለጠች። ጾም ነበር እኮ! በዐቢይ ጾም መጽሐፉ ከእሳቸው ጋር ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ሁልጊዜ፤ ከልጅነቷ ጀምራ የምታውቀውን፣ የመሪጌታ ልጅ ሆና፣ አራት ዓመት አዲስ አበባ ኖራ ረሳችው። ዳዊቱን በጋቢያቸው ሥር ይዘው ሲወጡ በዓይኗ አይታ አላስተዋለችውም። መጽሐፉን ሲያወጡ ስልኩን ያገኙታል። አግኝተውታል። ቀጥሎ ስልኩ ተመልሶ ሲገባ፣ ጠፍሩ ሳይታሰር፤ ሦስት እርምጃ፤ ማኅደሩ ምሰሶው ላይ ሲሰቀል። እናቷ አልነበረችም ያነሣችው። ቅጂው ያን ያህል የጠራው፣ ሁልጊዜ ዕድል ነው የምትለው፣ እሳቸው ወደ አፋቸው ስላስጠጉት ነው።

ሌሎቹን ባዶ ያለቻቸውን ሁሉ ጎትታ መለሰቻቸው። አንድ መስመር። ከዚያ ዝምታ። ያንኑ መስመር ደግመው። ዝምታ። ቀጣዩ መስመር። ዝምታዎቹን ለካቻቸው፤ ሥራዋ ነው፤ እያንዳንዱ ዝምታ የመስመሩን ያህል ይረዝማል፤ ሳይጨምር ሳይቀንስ፤ አንድ ተማሪ መልሶ እስኪጨርስ ድረስ። ብቻቸውን ሲጸልዩ እንዲህ አያደርጉም፤ ማንም አያደርግም። እያስተማሩ ነበር። ተማሪ ካልመለሰ የኔታ ይደግማሉ። አሥራ አንድ መስመር ሰጥተዋት፣ አሥራ አንዱንም ደግመውላት፣ ሃያ ሁለት ጊዜ ዝም ብለው ጠብቀዋታል። እሷ ደግሞ ዝምታውን ቆርጣ ጥላ የቀረውን ለጭራቅ ሰጠችው።

ያልሰጠሁት ቀረ፤ ደብተሩ ላይ እንዲህ ነው የጻፉት። ይህን ሰጥቻታለሁ ብለው ይሆን? ወይስ አልተቀበለችኝም ብለው? ተነሥታ ክፍሉ ውስጥ ትመላለሳለች፤ ከአልጋው እስከ መስኮቱ አምስት እርምጃ ነው፤ ሁለቱ የወለል ጣውላዎች ይጮሃሉ፤ ታች ያለችው አሮጊት ነገ ወረቀት በር ላይ ትለጥፍባታለች። ፋይሉን ለሞላልኝ ልላከው፣ ከየት አመጣሽው ሲል እዋሻለሁ፣ ካንድ ተማሪ አገኘሁት እላለሁ። መስመሩን ልዝጋ፣ ጨዋታው ይውጣ፣ ማን ያውቃል፤ አንኮበር ማን ጨዋታ ይጫወታል። እሳቸው ግን ይሙቱ? ግድግዳ እያዩ፣ ምሳ እየመለሱ፣ ልጄ አልሰማችኝም እያሉ? የምታፍረው ከማን ነው? ካወቁባት ሰባት ዓመት አለፋቸው እኮ። ባወቁባት ዕለት ነው የዘመሩላት።

ጠዋት፣ ጠዋት በዚያ አገር ከተባለ፣ መጀመሪያ ያደረገችው አባቷን ከዋሻው ማውጣት ነው። የተረሳችውን መስመር ዘጋች፤ ከዚያ ፋይሉን ራሱን ከጠባቂው ባስ ነቅላ አወጣችው። ጠባቂው አፉን ከፈተ፤ ድምፅ የለውም። በሩን ቆለፈች፣ ብርድ ልብሱን ራሷ ላይ ደፍታ ማይኩን ወደ ውስጥ አስገባች፣ ከሆዷ አጓራች። የታችኛዋ አሮጊት ጣሪያዋን በመጥረጊያ ደበደበች። ንጋቷ ይቅርታ አለች፣ በአማርኛ፤ እንደገናም አጓራች። የራሷን ድምፅ በአራቱ ነገር አሳልፋ ባሱ ላይ ጫነችው፤ እሷ ያልገባችበት ቤት ሁሉ ይግባ፣ የሷ ነው። ለዮሃና ጻፈች፦ «የሚዘምረው ሰው አባቴ ነበሩ። ሳላስፈቅዳቸው ነው የተጠቀምኩበት፤ የራሴ ነው ብዬሽ ነበር። አውጥቼዋለሁ። አዲሱን ስሚው፤ የምትይኝን እቀበላለሁ።» ሦስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው መልስ መጣ፦ «ስትመጪ እንነጋገራለን። አዲሱ ግን የባሰ ያስፈራል።»

ከዚያ ደወለች። ሞላልኝ «ምን ሆነሽ ነው በጠዋቱ?» አለ፤ መንገድ አልወጣም። «ስልኩን አባባ ጋ ውሰደው። ድምፁን ክፈተውና አጠገባቸው አስቀምጠው።» «አይናገሩም እኮ ንጋቴ።» «አውቃለሁ። እኔ ነኝ የምናገረው።» የእግር ኮቴ፣ የሚጮኽ በር፣ የእናቷ «ማነው?»፣ ስልክ እንጨት ላይ ሲቀመጥ። «አባባ» አለች። «አባባ፣ ንጋቷ ነኝ። ያን ጊዜ ማኅደሩ ውስጥ ስልክ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ድምፅዎን እርስዎ ያልገቡበት ቤት ወስጄዋለሁ፤ ክፉ ቦታ ነበር፤ ዛሬ አውጥቼዋለሁ፤ ሁሉንም ቁጭ ብዬ እነግርዎታለሁ። የሰጡኝንም የሰማሁት ዛሬ ነው።»

ቅጂውን ከፈተችው። የአባቷ ድምፅ ከኡሜዮ ተነሥቶ ደብረ ብርሃን ሲሚንቶ ቤት ውስጥ ገባ፤ እናቷ «እመቤቴ!» ስትል ተሰማ። አንደኛው መስመር አለቀ፤ ዝምታው መጣ። ንጋቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እንደዚያ ነው የሚቀላት፤ መስመሩን ዘመረችው። ድምፅዋ ዝጓል፣ መሀሉ ላይ አንድ ቦታ ዝቅ ብላ ገባች፤ ራሷም ሰምታዋለች። ቅጂውን አቁማ ጠበቀች።

መቋሚያው ሲሚንቶውን መታ። አንድ ጊዜ።

ተመለሰች።